ዘይት የጠጣው ካሜራ

ዳሲቱ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጥጥ ጠቅልላ ቤንዚን ውስጥ ነከረችና የካሜራዋን መዝጊያ ለሦስተኛ ጊዜ መጥረግ ጀመረች። ብርሃን የሚያስገቡት ስስ ብረቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ጥጡ አሁንም ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«እኔ እኮ ልርዳሽ ብዬ ነው» አሉ አባቷ፣ ባቡር ጣቢያው በረንዳ ላይ አጠገቧ ቆመው።

አቶ ኩምሳ የሠላሳ ዓመት የባቡር መካኒክ ናቸው። ለእሳቸው የሚንቀራፈፍ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ዘይት ነው፤ የበር ማጠፊያም ይሁን የገዛ ጉልበታቸው። ትናንት መዝጊያው ሲያዘግም አዩና ልጃቸውን ሳያማክሩ የባቡሩን ዘይት ጠብ አደረጉበት። ሲያዘግም የነበረው ጭራሽ ቆመ።

የአቃቂ ጣቢያ ሹም ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል። የቀኑ ባቡር ሲገባ ካሜራዋ ካልሠራ፣ መንገደኞችን ፎቶ የምታነሳበት ቦታ ከሳሪስ ለሚመጣ ሌላ ፎቶ አንሺ ይሰጣል። «ድሮስ ሴትና ካሜራን ምን አገናኛቸው!» ብሎ ነበር። ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

«አንድ ጠብታ ብቻ ጨምሪበት፤ ይላላል።»

«አይሆንም፣ አባባ።»

«ሠላሳ ዓመት ባቡር የጠገንኩ ሰው ነኝ እኮ!»

«ባቡርዎን ዘይት ያጠጡት። ይሄ የሚሠራው ሲደርቅ ነው!»

አባቷን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም፤ አጎንብሳ መጥረጓን ቀጠለች።

አራተኛው ጥጥ ነጭ ሆኖ ወጣ። መዝጊያው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ነገር ግን አንድ ሴኮንድ መቆየት ሲገባው ሁለት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የመዝጊያውን ሽቦ የሚወጥረውን ብሎን በስሱ አዞረችው። አባቷ ሳይጠየቁ የደረት ኪስ ሰዓታቸውን አወጡ።

«ረዘመ» አሉ። እንደገና አዞረች። «አሁንም ረዘመ።» ደግማ አዞረች። ሰዓቱን ትክ ብለው አዩና «እሱ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

ባቡሩ እየጮኸ ገባ። ሹሙ የሳሪሱን ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣ።

«አበቃ! ዕቃሽን ሰብስቢና ቦታውን ልቀቂ!»

ዳሲቱ ብድግ ብላ ካሜራውን የሹሙ ፊት ላይ ደገነች።

«እንዳይነቃነቁ!»

ሹሙ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እጁ ግን ቀድሞት የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ቆቡን አቃና፣ ደረቱን ነፋ፣ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ከንፈሩን ሳያላቅቅ፣ ከኋላው ለቆመው የሳሪስ ሰው አንሾካሾከ።

«አንተ፣ ወዲያ በል! ፎቶዬ ውስጥ እንዳትገባ።»