የበረዶ ቤቱ ሥጋ

በጣሊያን ጊዜ፣ የልደታው ጋሻው ሰንጋ ተራ አጠገብ በነበረ የጣሊያኖች የበረዶ ቤት ሥጋ ተሸካሚ ነበር። ለግንቦት ልደታ አለቃው አንድ ሙዳ ሥጋ ሰጠው። ሥጋው በረዶ ሆኖ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

ሚስቱ ታየች ትሪ ላይ አድርጋ በረዶው እስኪሟሟ ጠበቀች። ለስለስ ሲል ቢላዋ ብታሳርፍበት ሥጋው ተንቀጠቀጠ።

«ዛሬ የታረደ ነው እንዴ?» አለችው።

«ኧረ አምና ነው! ራሴ ነኝ የሰቀልኩት። በረዶ ውስጥ እስካለ ዓመት ቢቆይም አይበላሽም ብለውኛል።»

ታየች በመዳፏ ነካችው። ሞቅ ብሏል፤ ከውስጡም ድም ድም ይላል። የራሷ የደም ሥር መስሏት እጇን አነሳች። ሥጋው ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን አልተወም።

«ጋሻው፣ በማርያም አትብላው!»

ጋሻው ሥጋ ከቀመሰ ወራት አልፎታል። ሳቀባትና ቆረጥ አድርጎ በጥሬው ዋጠ። ሌላ ሊቆርጥ ሲል ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቢላዋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጇን ወስዶ ሆዱ ላይ አደረገው።

«አንቺንም ይሰማሻል?» አላት።

ታየች ዞር ብላ ትሪውን አየች። ከመዳፏ ሥር የሚመታውና ትሪው ላይ ያለው ሥጋ አብረው ነበር ከፍ ዝቅ የሚሉት።