የሴትዮዋ ፊት

ዘንድሮ የመጣው ካሜራ የሚቀርፀው ከሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የወሰደውን ትዝታ ደግሞ መልሶ አይሰጥም። የልጅ ልጄ ረድኤት ለአጭር ፊልሟ ብላ፣ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጫማ ክር ማሰር ያስተማረቻትን ቀን ሰጠችው። ከእናቷ የቀራት ትዝታ እኮ ያ ብቻ ነበር! ይኸው ትልቅ ሰው ሆና በየጠዋቱ ጫማዋን የማስርላት እኔ ነኝ። ያንን ካሜራ የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ!

ዛሬ ደግሞ ፊልሙን ለማሳጠር ተቀምጣ፣ «እማማ፣ የሴትዮዋ ፊት ፊልሙን አንዛዝቶታል፤ ልቁረጠው» አትለኝም?

«የቷ ሴትዮ? የወለደችሽን እናትሽን ነው ሴትዮ የምትያት? እስቲ ንኪያትና አሳይሻለሁ!»

ረድኤት ፊልሙን አቁማ ፊቷን ስክሪኑ ላይ አጎላችው።

«እማማ፣ እናቴ ከሆነች ታዲያ ለምንድነው የማላለቅሰው?»