የሲ ኤል ዘጠና ምልክቶች

በላሊበላ ከተማ ሞተርሳይክል የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መካኒኩ እንዳለው ነው። ይህን የሚለው ራሱ እንዳለው ነው።

ሌሎቹን መካኒኮች «ጎማ ነፊዎች» ይላቸዋል። ደንበኞቹንም አይምርም። አንዱ «ሞተሬ ሆንዳ ነው» ብሎ ከመጣ፣ «ሆንዳማ ብዙ ነው፤ የቱ ሆንዳ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ሰውየው ሲንተባተብ ደስ ይለዋል። ሚስቱ ይማርሽ ከጋራዡ ደጃፍ ባለችው ሱቅ ዘይትና መለዋወጫ ትሸጣለች።

«ሰው እያዋረድክ ደንበኛ አይበረክትልህም» ትለዋለች።

«እኔን የሚሻ መሰደቡን ችሎ ይመጣል» ይላታል።

ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሲሳሳ አንዲት ሴት መጣች። ዓይናዲስ እባላለሁ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ አለች። ያረጁ ትንንሽ የጃፓን ሞተሮችን እየፈለግሁ አሳድሳለሁ አለችው። እንዳለው ነጭ ጫማዋን አየና ፈገግ አለ።

«ለመሆኑ ኤስ ዘጠናን ከሲ ኤል ዘጠና በምን ትለያለሽ?»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ሁለቱም ሆንዳ ናቸው፤ ሁለቱም ዘጠና ሲሲ። ኤስ የአስፋልት ናት፤ ጭስ ማውጫዋ በታች ይሄዳል። ሲ ኤል ለኮረኮንች የተሠራች ናት፤ ጭስ ማውጫዋ ወደ ላይ የወጣ ነው፤ መሪዋ ላይም አግድም የተጋደመ ብረት አለ። ዋናው ግን የሞተሩ ቁጥር ነው። በሲ ኤል ከጀመረ አበቃ።»

እንዳለው መልሱን ያወቀው አሁን ነበር። ቢሆንም «ደህና አጥንተሻል» አላት፣ እንደ ፈታኝ።

«አንዲት ሲ ኤል ወደዚህ ወደ ላስታ አለች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «ካገኘህልኝ የሦስት አዳዲስ ሞተር ዋጋ እከፍልሃለሁ።»

ስልክ ቁጥሯን ሰጥታው ሄደች። እንዳለው ያን ሳምንት ባላገር ይዞት የመጣውን ሞተር ሁሉ ጎንበስ እያለ ሲያይ ከረመ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ሽማግሌ በኮን መንገድ መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፤ የተጫሙት ኮንጎ ጫማ ነው። ከሞተራቸው እንደ ወረዱ መጀመሪያ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጉ፤ ከዚያ አቆሟት።

«ከፋለ እባላለሁ። የፍሬን ሽቦዋ ተበጥሳብኝ ነው፣ ልጄ።»

እንዳለው ሽማግሌውን አላያቸውም። ያየው ወደ ላይ የወጣውን ጭስ ማውጫ ነው። ቀጥሎ መሪው ላይ የተጋደመውን ብረት አየ። ልቡ ዘለለ፤ ፊቱን ግን አጨፈገገ።

«አያ ከፋለ፣ ይህን ቅራቅንቦ ከየት አመጡት?»

«የሟች ወንድሜ ነበረች።»

በርከክ ብሎ የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ወለወለ። ሲ ኤል ይላል። ፊደሎቹ ትናንት የተቀረጹ ይመስል ጥርት ያሉ ናቸው። «አቤት የጃፓን ብረት!» አለ በሆዱ። ሽማግሌውም አብረውት ጎንበስ አሉ። ጥፍሮቻቸው ሥር ጥቁር ነገር አለ። ገበሬ መቼ እጁን ይታጠባል ብሎ ተጸየፈ።

ተነሣና እጁን ጠረገ። «እውነቱን ልንገርዎት? ይህች ተራ ኤስ ዘጠና ናት። ጭስ ማውጫውንና መሪውን ከሌላ አምጥተው ነው የገጠሙባት። ቁጥሩንም አንድ ወሮበላ ነው የቀረጸው። ወንድምዎን ነፍሱን ይማረውና፣ ተሸውዷል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ሁሉ ባንድ እይታ አወቅኸው?»

«ዓይን ላለው አይደበቅም።»

«አቤት እውቀት!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

እንዳለው አዘንኩልዎ አለ። እንዲህ ያለች አሮጌ ሞተር ቁልቁለት ላይ ሰው ትጨርሳለች፤ የራሴን ሞተር ልስጥዎት፣ ይህችን ለመለዋወጫ ልበትናት አለ። የእሱ ሞተር አምና የገዛት የህንድ ሥሪት ናት፤ ሦስት ዓመት ከይማርሽ ጋር ጥርሳቸውን ነክሰው ያጠራቀሙባት። ሽማግሌው እንቢ አሉ። የወንድሜ እጅ የነካት ናት ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እንዳለው ለመነ። ለምኖ የማያውቅ ሰው ለመነ።

ይማርሽ ከሱቋ አንገቷን አወጣች። «ኧረ የሞተሯን ሊብሬ ጠይቃቸው!»

«አንቺ ዘይትሽን ሽጪ! ለዚች ደግሞ ማን ሊብሬ ያወጣል?»

የእሱን ሊብሬ ከሽያጭ ውል ጋር አስረከባቸው። ሽማግሌው መርቀውት አዲሷን አስነሡ። ማርሹን ሳያዩ እየቀያየሩ ዳገቱን ወጡ።

«ገደል ባይገቡ ምን አለ» ብሎ ሳቀ እንዳለው።

ከሰዓት በኋላ አሮጌዋን አጥቦ፣ አሽቶ፣ ከጋራዡ ፊት ጥላ ሥር አቆማት። ያላፊ አግዳሚው ዓይን እንዲያርፍባት ነው። ለይማርሽ ሁለቱን ምልክቶችና ቁጥሩን አንድ ባንድ እየጠቆመ አሳያት።

«አንቺ ሊብሬ ትያለሽ። እንዲህ ያለውን የሚለይ ሰው እዚህ አገር አለ?»

ይማርሽ ወደ ሱቋ ዞረች። እንዳለው እንድትሰማ ብሎ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ደወለ። ረጅም ጠራ። ሲነሣ ከነፋስና ከሞተር ድምፅ ጋር የወንድ «ሃሎ» ተሰማ።

«ሃሎ፣ ወይዘሮ ዓይናዲስን ፈልጌ ነበር። አገኘኋት በሏት!»

«ዓይናዲስማ ሞተርህን እየሞከረቻት ነው» አሉ አያ ከፋለ። «ምን ልበልልህ፣ ልጄ?»