የኢርማ ቀበቶ

ኢርማና ባሏ ሩፐርት በአሮጌዋ ቮልስ ከግራዝ እስከ ሊዝበን ሊነዱ ስድስት ቀን ቀርቷቸዋል። የመኪናዋ የወንበር ቀበቶ የድሮ ነው፤ በእጅ ካልሳቡት አይጠብም። ኢርማ በየቀኑ ለወፍራም ወገቧ ታሰፋዋለች፤ በማግስቱ ጠቦ ታገኘዋለች፣ ልክ በሟቿ የሩፐርት የቀድሞ ሚስት በቫሊ ወገብ መጠን።

«የትኛዋን ቀጭን ነው የምታንሸራሽረው?» አለችው።

«የጋራዡ ቁልፍ አንገትሽ ላይ አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀ፣ ከካርታው ቀና ሳይል።

ካርታው ላይ በእርሳስ ያከበባቸው ከተሞች በሙሉ ከቫሊ ጋር ያደረባቸው ነበሩ።

«መንገዱንም እሷው መረጠችልን?»

«ሞታለች እኮ፣ ኢርማዬ።»

ወርዳ ጋራዡን ከውስጥ ቆለፈች። ቀበቶውን አስፍታ አሰረችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሩፐርት ፎቅ ላይ ሲያፏጭ ይሰማታል።

ቀበቶው ቀስ እያለ ይጠብ ጀመር።