ከፎቶው ውጭ ያለው ጓሮ

ሸጊቱ በጓሮዋ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር በአንድ ጉልበቷ ተንበርክካ ስልኳን ወደ ላይ አነጣጥራለች። ቅርንጫፉ ገና ቅጠል አላወጣም፤ ሮዝ ቀለም ያለው አበባ ብቻ ለብሷል። ሌሊት የጣለው አመዳይ እየቀለጠ ነው። ካንዱ አበባ ጫፍ የተንጠለጠለችው ጠብታ ልትወድቅ ስትል ትንፋሿን ያዘችና አነሳቻት።

ደባርቅ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል ስታስተምር ኖራ ዘንድሮ ጡረታ ወጥታለች። በዚህ ዕድሜዋ ፎቶ ማንሳት እማራለሁ ብላ አላሰበችም ነበር። ያስተማረቻት ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያላት ሊድያ ናት። ፀሐይ ሳትበረታ ማንሳት፣ ጥርት እንዲል የተፈለገውን ቦታ በጣት መንካት፣ የደበዘዘውን ማብራት፣ የማይፈለገውን ከጠርዙ መቁረጥ። ሸጊቱ ሁሉንም በደብተር ጻፈች። ከሁሉ ይልቅ እጇ የለመደው መቁረጡን ነው። የወደቀውን አጥር ትቆርጠዋለች። ከኮኩ ወዲያ ያለውን፣ ውሃ አጥቶ የተሰነጣጠቀውን የአትክልት መደብ ትቆርጠዋለች። የሚቀረው ያምራል።

ፎቶዎቹን የምትልከው ለእናናዬ ብቻ ነው። ዳባት አንድ ወንበር ተጋርተው የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ። አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ በሰባ ስድስት፣ እናናዬ ከቤተሰቦቿ ጋር በእግር ወደ ሱዳን ወጣች፤ ከዚያም እስራኤል ገባች። ጉዞው በምስጢር ስለነበር አልተሰናበተቻትም። ይህ ኮክ እንኳ የእነ እናናዬ ጓሮ ከነበረው ኮክ ዘር የበቀለ ነው። ከስምንት ወር በፊት የእናናዬ ልጅ ሺርሊ በፌስቡክ ፈልጋ አገናኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሸጊቱ በየሳምንቱ አንድ ፎቶ ትልካለች፤ "እናቴ ያምራል ትላለች" የሚል መልስ ይመጣላታል። ስለ ሌላ ነገር ተጻጽፈው አያውቁም። በድምፅም ተገናኝተው አያውቁም።

ፎቶውን እዚያው ቆማ አስተካከለችው። አበባውን ትንሽ አበራችው፤ በስተቀኝ ብቅ ያለውን ደረቅ መሬት ቆረጠችና ላከችው። ዛሬ ግን፣ ኮኩ ነውና፣ መልሱን መጠበቅ አቃታት። ደወለች።

ስልኩን ያነሳችው ሺርሊ ናት። አማርኛዋ ቢሰባበርም ትጥራለች። ፎቶው እንደ ደረሳት ነገረቻት፤ የዛፉን ስም ግን በአማርኛ ስለማታውቅ ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት ቸግሯታል። ያለፈውን ሳምንትም ቀይ አበባ ነው ብላ ብቻ እንዳለፈችው አጫወተቻት።

"እናትሽ አላየችውም እንዴ?" አለች ሸጊቱ።

ሺርሊ እናቷን ጠራች። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማና ሌላ ድምፅ መጣ። ሻክሯል፤ ቀስ ያለው የዳባት አነጋገሩ ግን አልተለወጠም።

"ሸጊቱዬ፣ ዓይኔ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። ስኳር ነው። መላኩን እንዳትተይብኝ ፈርቼ ነው ያልነገርሁሽ።"

ሸጊቱ አጠገቧ ያለው ጉቶ ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ምናምን ፎቶ። በብርድ የተነሳችባቸው እነዚያ ሁሉ ማለዳዎች። የቱ ጠራ፣ የቱ ደበዘዘ፣ ከእሷና ከሺርሊ በቀር ያየ የለም። መቀየም አምሯት ነበር፤ ያ ድምፅ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ጆሮዋ ውስጥ ስለነበረ አልሆነላትም።

"በይ አሁን አንቺው ንገሪኝ" አለች እናናዬ። "ከበሩ ጀምሪ።"

ሸጊቱ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። በስተግራ ያለውን ጤና አዳም፣ ዶሮ የጫረውን ጎመን፣ ዘንድሮ ዘግይቶ የፈነዳውን ጽጌረዳ አንድ በአንድ ነገረቻት። እናናዬ ታቋርጣት ነበር። የጽጌረዳው ሽታ ከሩቅ ይሰማ እንደሆነ፣ ኮኩም እንደ አባቷ ኮክ ወደ አንድ ጎን ያዘነብል እንደሆነ ጠየቀች። ያዘነብላል አለቻት። እዚያ ላይ ሸጊቱ ቆመች።

"ከኮኩ ወዲያስ?"

ምንም የለም ልትል ነበር።

"ደርቋል" አለች። "ድንች ነበረበት። የሚያጠጣው ሀብተ ሚካኤል ነበር።"

"ያ የዜማ ተማሪው ሀብተ ሚካኤል?"

"እሱው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ተጋባን። ካቻምና በግንቦት አረፈ።"

እናናዬ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለቻት። ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቀቻት። ሸጊቱ ልጇ ባሕር ዳር እንደሚሠራ፣ ለበዓል እንደሚመጣ ነገረቻት፤ ሌላ የምትጠራው ሰው አጣች።

"አንቺስ?" አለች እናናዬ። "አንቺ አሁን ምን ትመስያለሽ?"

ሸጊቱ ይህን የጠየቃት ሰው ከመቼ ወዲህ እንደሌለ ማስታወስ አቃታት። ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረችው።

"ቆዪ" አለች፤ "እስቲ ልየው።"

ፀጉሯ ካሰበችው በላይ ሸብቷል። ነጠላዋ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ግራ ጉንጯ ላይ አፈር አለ። እናናዬ ከማዶ ሳትቸኩል ትጠብቃለች። ሸጊቱ ጉንጯን ሳትጠርግ መናገር ጀመረች።