በቀይ የተሰረዘው መልስ

መምህር ገላው ከቢቸና ተሳፍሮ ሞጣ ሲወርድ ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ምሕረት የለውም። ጃንጥላ ይዟል፤ ግን አልዘረጋውም። ይበለኝ ብሎ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገላው ሞጣ እንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች» እያለ ክፍሉን በአንድ ድምፅ ያስጮኽ ነበር። ታዲያ አንድ ፈተና ላይ ጣሪያው ስለሚያፈስ ቤት ዓረፍተ ነገር አወጣና ክፍት ቦታውን ሙሉ አለ። ፋንታ የሚባል ዝምተኛ ልጅ «ሁዝ» ብሎ ሞላ።

«‹ሁዝ› ለሰው ብቻ ነው። ቤት ሰው ነው እንዴ?» አለና በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘበት። ልጁ ልክ ነኝ ብሎ ተከራከረ። ክፍሉ ሳቀ፤ ገላውም አብሮ ሳቀ።

በዚያች አንድ ማርክ ፋንታ ወደቀ። ከትምህርት ቤት የወጣን ጎረምሳ ደግሞ ቀበሌ መቼ ይምርና፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። የጫነው መኪና ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፋንታ ከላዩ ዘሎ ገደል ገባ ተባለ። እናቱ ድንኳን ጥለው ለቅሶ ተቀመጡ።

ገላው በኋላ ቢቸና ተዛወረ። ዘንድሮ የክረምት ኮርስ ላይ አስተማሪው ያንኑ «ሁዝ» ለቤትም ለዛፍም እያዋለ ሲያስረዳ ሰማ። ልጁ ልክ ነበር። እናቱን ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ሞጣ ተነሣ።

የፋንታ እናት እማማ አገሬ በሩን ገርበብ አድርገው አዩት። ጥቁራቸውን አላወለቁም።

«ይግቡ እንግዲህ» አሉ፤ ወደው ግን አይመስሉም።

ገላው አፉ በነጠላ ከተሸፈነው ትልቅ ጎታ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል «እዚያ አይሁን፤ ወዲህ» ብለው ወደ በሩ አሳዩት። ቶሎ እንድወጣላቸው ነው፣ አለ በልቡ።

የተቀቀለ ድንች በሁለት ሳህን አወጡ። አንዱን ለሱ ሰጡት፤ ሌላውን ጎታው አናት ላይ አስቀመጡ። እሳቸው አልቀመሱም። ከኔ ጋር መብላት ቢጠየፉ ምን ይፈረድባቸዋል ብሎ አቀረቀረ።

«እህሉስ እንዴት ነው፣ እማማ?»

«ምን እህል አለ ብለው። ከሰኔ ወዲህ የምንበላው ድንች ነው።»

ገላው ሳህኑን አስቀመጠና ተንበረከከ። ፈተናውን፣ ቀይ እስክሪብቶውን፣ ሳቁን ሳይቀር ዘረገፈው። እያወራ ድምፁ ከፍ አለ።

«ቀስ ይበሉ፤ ጎረቤት አለ» አሉ እማማ አገሬ፣ በሩን እያዩ።

ሐዘናቸው እንኳ በኔ አፍ እንዳይነሳ ፈለጉ ብሎ ይብስ ጮኸ።

«ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

«ዝም ይበሉ፣ በማርያም!»

«አልችልም፣ እማማ። አውቆ ነበር እኮ የጻፈው። ቢሰማኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ ባልኩት…» አለና ስቅስቅ ብሎ፣ ደጅ እስኪሰማ አለቀሰ።

እማማ አገሬ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ጎታው አፍ ላይ ያለው ነጠላ ተነቃነቀ፤ ከውስጥ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ቲቸር፤ ብቻ ቀስ ብለው ያልቅሱ።»