የናሱ መርፌ

አቶ ተክለማርያም ጎባ ላይ በጡረታ የሚኖሩ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ከአባታቸው የወረሱት፣ ዙሪያውን በወይን ሐረግ ያጌጠ የናስ ዕቃ አለ። ባንድ ጎኑ ቀንና ወሩ በእጅ የሚዞር መቁጠሪያ ነው፣ በሌላው ጎኑ የአየር ግፊት መለኪያ። አባትየው በጣሊያንኛው ጽሑፍ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ወሮቹን በአማርኛ ጽፈዋል፤ መለኪያውም ላይ «ዶፍ»፣ «ተለዋዋጭ»፣ «ብራ» ብለውበታል።

ዕቃው ግን ጎባ ላይ ውሸታም ነው። የአገሩ ከፍታ እያሳሳተው፣ ፀሐይ አናት ብትበሳም ጥቁሩ መርፌ ከዶፍ ንቅንቅ አይልም። አንዴ ብቻ ልጃቸውን ዳግማዊን አስከትለው ወደ ደሎ መና ይዘውት ሲወርዱ፣ መርፌው ከቆላው ጋር አብሮ እየተጓዘ ብራ ላይ ደረሰ። ልጁ መንገዱን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው የዳግማዊ ሆነ። በየማለዳው ቀኑን ያዞራል፣ መስታወቱን ኳ ኳ ያደርጋል፣ በእጅ ካልዞረ የማይነቃነቀውን የናስ መርፌ፣ ለምልክት እንዲሆን፣ በጥቁሩ ላይ ያስተኛል። ቁጥሩ የፈረንጅ ስለሆነ እስከ ሠላሳ አንድ ይሄዳል፤ ጳጉሜ ደግሞ የለውም። እሱም ሕግ አወጣ፤ ጳጉሜ እስኪያልቅ ነሐሴ ሠላሳ አንድ ላይ ያቆመዋል። ቤተሰቡ ይስቅበት ነበር፤ ከቤት ውጭ ግን ማንም አያውቀውም።

ዳግማዊ ወታደር ሆኖ ሄደ። ጦሩ ከተበተነ ሦስት ዓመት ሞላው፤ የልጁ ወሬ የለም። እናቱ ወይዘሮ እኅተማርያም እርማቸውን ማውጣት ፈለጉ። ዘመኑ ሳይለወጥ ተዝካሩ ይውጣ ብለው ጳጉሜ አራትን ቆረጡ። ለአቶ ተክለማርያም ግን ተዝካሩ ከወጣ ልጃቸው ሞተ ማለት ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታቸው፤ ከጠረጴዛው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው።

ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ጠዋት ቀኑን አዙረው፣ ሁለቱን መርፌዎች ዶፍ ላይ አጋጥመው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲመለሱ ዕቃው የለም።

ወደ ቤት የገባው የሮቤው ነጋዴ ሻፊ ብቻ ነበር፤ ማር ሊገዛ ደሎ መና ሲወርድ ሊሰናበት መጥቶ ነው። ዓይኑን ከዕቃው ላይ መንቀል ካቃተው ሰንብቷል። ስንት ዓመቱ ነው፣ ከየት መጣ፣ ልጅዎም ይወደው ነበር ወይ እያለ ክረምቱን ሙሉ አድርቋቸዋል። የናሱ መርፌ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቅ ግን፣ ይሄ የቤተሰብ ነው ብለው አፉን አስይዘውታል።

ጎረቤቱ ሁሉ ፈረደበት። ደሎ መና ላይ ገዢ አግኝቶለታል ተባለ። አቶ ተክለማርያም ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ የተቀሙ መሰላቸው። ሻፊን ከልባቸው ጠሉት።

ጳጉሜ አራት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ቄሶቹ እየተጠበቁ ሳለ፣ ሻፊ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከአውቶቡስ ወርዶ መጣ። ዕቃውን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ለማን ነው ያሳየኸው?» አሉት አቶ ተክለማርያም።

«እንዳልናገር ወላሂ ብዬ ምያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሻፊ። «ሳልጠይቅ መውሰዴን ይቅር ይበሉኝ። እኔ ምንም አልነካካሁበትም፤ ትናንት ጠዋት ከሰውየው እጅ እንደተቀበልኩት ነው።»

ገዢው ሐሳቡን ቀይሮበት ነው ብለው አሰቡ። ከቤቴ ውጣልኝ ሊሉት ነበር። እጃቸው ግን በልማድ ወደ ዕቃው ሄደ፤ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ላይ የቀረውን ቀን ሊያዞሩ መነጽራቸውን አጠለቁ።

ጥቁሩ መርፌ እንደ ወትሮው ዶፍ ላይ ነው፤ የናሱ መርፌ ግን ብራ ላይ ተኝቷል፣ ቀኑም ነሐሴ ሠላሳ አንድ ይላል።